አማተር ሳተላይት ሬዲዮና ዲጂታል የድምፅ ስልቶች፦ «ክፍት» እና «ባለቤትነቱ የተጠበቀ» ሲባል ለተጠቃሚው ምን ልዩነት ያመጣል?

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ አካባቢ ለቴሌቪዥን የተተከለ ዲሽ የሌለበት የመኖሪያ ሕንፃ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህ ዲሾች መካከል በምሥራቅ 26 ዲግሪ ወደሚገኙት የአረብሳት ሳተላይቶች የዞሩት ባለቤቶቻቸው ልብ ያላሉት ሌላ ሞገድም ያርፍባቸዋል። በዚያው የሰማይ አቅጣጫ፣ በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኢስሃይል-2 የተባለችው የኳታር ሳተላይት ትገኛለች። ሳተላይቷ ከቴሌቪዥን ሥርጭት ጎን ለጎን ለአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ብቻ የተመደበ መሣሪያ ተሸክማለች። መሣሪያው ኪውኦ-100 በሚል መጠሪያ ይታወቃል። በእርሱ አማካይነት ከብራዚል እስከ ታይላንድ የሚገኙ ፈቃድ ያላቸው አማተሮች በድምፅ ይነጋገራሉ።

በዚህ መስክ ለመሰማራት የሚፈልጉ ወጣቶች፣ የምሕንድስና ተማሪዎችና የትምህርት ተቋማት በቅድሚያ ከሚገጥሟቸው ጥያቄዎች አንዱ የትኛውን የድምፅ ስልት መምረጥ እንዳለባቸው ነው። ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ሬዲዮ ከሳተላይቱ ጋር የማይሠራ ሆኖ ሊገኝ፣ በችግር ጊዜም ሌላው ወገን ሊረዳው የማይችል ድምፅ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ ማብራሪያ በክፍት እና ባለቤትነታቸው በተጠበቀ ዲጂታል የድምፅ ስልቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለተገልጋዮች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የአማተር ሬዲዮ አገልግሎት ምንነት

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ የአማተር አገልግሎትን የሚተረጉመው በሬዲዮ ቴክኒክ ላይ ፍላጎት ያላቸውና በአግባቡ የተፈቀደላቸው ሰዎች ያለ ገንዘብ ጥቅም ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒካዊ ምርምር ለማድረግ የሚጠቀሙበት አገልግሎት አድርጎ ነው። የአማተር ሳተላይት አገልግሎትም ለዚሁ ዓላማ በሳተላይት ላይ የተጫኑ የሬዲዮ ጣቢያዎችን የሚጠቀም ነው። ስለዚህ ንግድ፣ ማስታወቂያና የድርጅት የሥራ ግንኙነት በአማተር ሞገድ ሊካሄዱ አይችሉም።

ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከኢቲኤ እስከ ኢቲዜድ እንዲሁም ከ9ኢኤ እስከ 9ኤፍዜድ ያሉት የጥሪ ምልክቶች ተመድበውላታል። በአገሪቱ በዘርፉ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት ከአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠራ ቆይቷል። በዓለም ዙሪያ የሚገኙ አማተሮች የኢትዮጵያን ድምፅ ከሰሙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ጣቢያ ነው።

የሬዲዮ ስፔክትረም ውስን የሕዝብ ሀብት ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የስፔክትረም አስተዳደርና የፈቃድ ሥራ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። የትኛውም የድምፅ ስልት ቢመረጥ፣ ክፍትም ይሁን ባለቤትነቱ የተጠበቀ፣ ያለ ፈቃድ ሞገድ ማሠራጨት አይቻልም።

ድምፅ ወደ ዲጂታል የሚለወጠው እንዴት ነው?

በተለመደው አናሎግ ሬዲዮ የሰው ድምፅ በቀጥታ ሞገዱን ያወዛውዘዋል። በዲጂታል ሬዲዮ ግን ድምፁ በመጀመሪያ ወደ ቁጥር ይለወጣል። መደበኛ ዲጂታል የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይፈልጋል። ይህ መጠን ለጠባብ የሬዲዮ ሞገድ እጅግ ብዙ በመሆኑ ድምፁን የሚጨምቅ ቀመር ያስፈልጋል፤ ይህ ቀመር ኮዴክ ይባላል። ለሬዲዮ የተሠሩ ኮዴኮች የድምፁን ቅጂ እንዳለ አይልኩም። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ ኃይሉንና የአፍ ቅርጽን የሚገልጹ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ይልካሉ፤ ተቀባዩ ሬዲዮ ደግሞ ከእነዚህ ቁጥሮች ንግግሩን መልሶ ይገነባል።

አንድ ዲጂታል የድምፅ ስልት በመሠረቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦

- ድምፁን የሚጨምቀው ኮዴክ፤
- ቢቶቹን የሚያደራጅና ከስሕተት የሚጠብቅ የአደረጃጀት ሕግ (ፕሮቶኮል)፤
- ቢቶቹን በሞገድ ላይ የሚጭን ዘዴ።

ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ስልት «ክፍት ስታንዳርድ» ተብሎ ሲቀርብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ታትመው የወጡ ሆነው፣ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ኮዴኩ፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ባለቤትነታቸው የተጠበቁ ስልቶች

በአማተሮች ዘንድ በስፋት የሚታወቁት ሦስት ናቸው። ዲ-ስታር በጃፓን የአማተር ሬዲዮ ሊግ አማካይነት የተዘጋጀ ሲሆን አደረጃጀቱ በይፋ ታትሟል። ዲኤምአር የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ስታንዳርዶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ስታንዳርድ ነው። በብዙ አገሮች በሆቴሎች፣ በግንባታ ቦታዎችና በጥበቃ ሥራ ላይ ከሚታዩ የእጅ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ በዚህ ስታንዳርድ ይሠራሉ። ሲስተም ፊውዥን ደግሞ ያኤሱ የተባለው የጃፓን አምራች እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ያቀረበው ስልት ነው።

ሦስቱም ድምፅን የሚጨምቁት አምቤ በሚባሉ የኮዴክ ቤተሰቦች ነው። የእነዚህ ኮዴኮች ባለቤት ዲጂታል ቮይስ ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ቴክኖሎጂውን በቺፕ ወይም በፈቃድ መልክ ይሸጣል። በዲ-ስታር ከሚላከው 4,800 ቢት በሴኮንድ ውስጥ 2,400ው ለድምፁ፣ 1,200ው ለስሕተት ማረሚያ፣ ቀሪው 1,200 ደግሞ ለጽሑፍና ለመረጃ ይውላል።

እነዚህ ስልቶች ጠንካራ ጎን አላቸው። ሬዲዮዎቹ ተሠርተውና ተፈትነው ይመጣሉ፤ ተጠቃሚው ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል። ችግሩ የሚነሳው ለማስተማር፣ ለመጠገን ወይም ለማሻሻል ሲፈለግ ነው። ተማሪው ሌሎቹን የሬዲዮ ክፍሎች በሙሉ ከፍቶ መመርመር ቢችልም ድምፁ የሚጨመቅበትን ክፍል እንዳለ ከመቀበል ሌላ አማራጭ የለውም። ከዚህም በላይ የአንዱ ስልት ሬዲዮ የሌላውን ስልት ድምፅ አይረዳም።

ፓተንት ለዘለዓለም እንደማይጸና ግን መዘንጋት የለበትም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፓተንት ጥበቃ የመጀመሪያ ዘመን 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የፓተንት ጥበቃ በየአገሩ የሚሰጥ በመሆኑም በአንድ አገር የተመዘገበ ፓተንት በሌላ አገር በቀጥታ አይጸናም። ሆኖም የጥበቃው ዘመን ማብቃቱ ብቻውን የኮዴኩን ፕሮግራም ለሕዝብ አያወጣም።

ክፍት ስልቶች

ዴቪድ ሮው የተባሉ አውስትራሊያዊ መሐንዲስና አማተር ለዚህ ችግር መልስ የሚሆን ኮዴክ 2 የተባለ ክፍት ኮዴክ አዘጋጅተዋል። የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ በነፃ ይገኛል፤ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊጠቀምበትና በፈቃዱ ሁኔታዎች መሠረት ሊያሻሽለው ይችላል። ኮዴክ 2 በሴኮንድ 3,200፣ 1,300 ወይም 700 ቢትን በመሳሰሉ የተለያዩ መጠኖች ይሠራል። በ1,300 ቢት ሲሠራ ከመደበኛው ዲጂታል የስልክ ድምፅ 50 እጥፍ ገደማ ያነሰ ቢት ይጠቀማል ማለት ነው።

በዚህ ኮዴክ ላይ ሁለት ዋና ዋና ስልቶች ተገንብተዋል። ፍሪዲቪ በኮምፒዩተር ላይ በሚጫን ነፃ ፕሮግራም አማካይነት ከተለመደ የአማተር ሬዲዮ ጋር ይሠራል። ኤም17 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በፖላንድ አማተር የተጀመረ ሲሆን የዲ-ስታርንና የዲኤምአርን ዓይነት አገልግሎት ሦስቱም ደረጃዎች ክፍት ሆነው ለመስጠት ያለመ ነው።

ክፍት ስልቶችም ድክመት አላቸው። ከሱቅ ተገዝተው ወዲያው የሚሠሩ ሬዲዮዎች ጥቂት ናቸው። በአነስተኛ የቢት መጠን ድምፁ የማሽን ቃና ይይዛል። ድጋፉ በአብዛኛው ከበጎ ፈቃደኞች የሚገኝ በመሆኑም ተጠቃሚው ራሱ ለመማርና ለመሞከር ዝግጁ መሆን ይኖርበታል።

በሳተላይት ላይ የታየው ተሞክሮ

ሁለቱም ወገኖች በምሕዋር ተሞክረዋል። የቤልጂየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ኡፍቲ-1 የተባለች አነስተኛ ሳተላይት የዲ-ስታር ሪፒተር ይዛ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 መጥቃለች፤ ግንኙነቷ ግን ብዙም ሳይቆይ ተቋርጧል። በቻይና የሐርቢን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራችው ሊላክሳት-1 ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ምሕዋር ተለቃለች። ሊላክሳት-1 ከምድር የተለመደውን አናሎግ ድምፅ ተቀብላ በኮዴክ 2 ዲጂታል አድርጋ ወደ ምድር ትመልስ ነበር። ተናጋሪው ማንኛውንም ተራ አናሎግ ሬዲዮ፣ አድማጩ ደግሞ ነፃ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒዩተር ብቻ ይበቃቸው ነበር። ኮዴኩ ክፍት ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ አድማጭ ቺፕ ወይም ፈቃድ መግዛት ይጠበቅበት ነበር። ይህች ሳተላይት ዛሬ በምሕዋር ላይ የለችም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ሰማይ ከሚገኙት መካከል ኪውኦ-100 የተለየ ግምት ይሰጠዋል። ተሸካሚዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 የመጠቀች ሲሆን መሣሪያው በምድር ወገብ አንጻር በቋሚ ምሕዋር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው የአማተር ማስተላለፊያ ነው። ተጠቃሚው በ2,400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይልካል፣ ከ10,489.5 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ባለው ክልል ደግሞ ይቀበላል።

ለግዢ ውሳኔ ወሳኙ ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። በኪውኦ-100 ጠባቡ የድምፅ ክፍል አንድ ተጠቃሚ ከ2.7 ኪሎኸርዝ የበለጠ ስፋት መያዝ አይፈቀድለትም። ዲ-ስታር 6.25፣ ኤም17 9፣ ዲኤምአርና ሲስተም ፊውዥን ደግሞ 12.5 ኪሎኸርዝ ገደማ ይፈልጋሉ። ስለሆነም አራቱም ከዚህ ክፍል ውጭ ይሆናሉ፤ ኤም17 ክፍት መሆኑ አያድነውም። ፍሪዲቪ ግን በ1.1 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሚሠራ በውስጡ ይገጥማል። በዚህ ሳተላይት ላይ ዲጂታል ድምፅ ለመጠቀም ያሰበ ሰው የዲኤምአር የእጅ ሬዲዮ ቢገዛ ገንዘቡን ያለ ቦታው አውሎታል።

በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ያለው የአማተር ሪፒተር ደግሞ ሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ በ437.800 ሜጋኸርዝ አናሎግ ድምፅ ያሠራጫል። እርሱን ለማዳመጥ ዲጂታል ሬዲዮ ጨርሶ አያስፈልግም። ጣቢያው በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በፍጥነት ስለሚጓዝ ፍሪኩዌንሲው እስከ 10 ኪሎኸርዝ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስሎ ይሰማል። አናሎግ ድምፅ ሞገዱ ሲዳከም በሹክሹክታ ውስጥም ቢሆን በከፊል ይሰማል፤ ዲጂታል ድምፅ ግን እስከተወሰነ ደረጃ ጥርት ብሎ ቆይቶ በድንገት ይቋረጣል።

የካዛንቺስ ሕንፃዎችና የአንቴና አቀማመጥ

ካዛንቺስን በመሰለ ረጃጅም ሕንፃዎች በበዙበት አካባቢ ሳተላይቱ በሰማይ ላይ የሚገኝበት ከፍታ ከስልቱ ባልተናነሰ ሁኔታ ወሳኝ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኪውኦ-100 በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 72 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚያ አቅጣጫ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጎረቤት ሕንፃ መስመሩን የሚጋርደው ከአንቴናው በላይ 60 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ብቻ ነው። በአንጻሩ የጠፈር ጣቢያው በ20 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲያልፍ በዚያው ርቀት ከአንቴናው 7 ሜትር ከፍ የሚል ግንብ ብቻ ሊጋርደው ይበቃል። ስለዚህ በሕንፃዎች መካከል ለሚኖር ጀማሪ ኪውኦ-100ን ማዳመጥ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ለማዳመጥ ወደ 26 ዲግሪ ምሥራቅ የዞረ ተራ ዲሽ፣ ፍሪኩዌንሲው የማይዋዥቅ ኤልኤንቢ፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ አነስተኛ የሶፍትዌር ሬዲዮ መቀበያና ነፃ ፕሮግራም ያስፈልጋሉ። የቴሌቪዥን ሪሲቨር ይህን ድምፅ አይፈታም። መላክ ግን የተለየ ነው። የመላኪያው ሞገድ ዋይፋይ ከሚጠቀምበት ክልል ጋር የተጎራበተ በመሆኑ በአግባቡ ያልተስተካከለ መሣሪያ የጎረቤቶችን ኢንተርኔት ሊያውክ ይችላል። ፈቃድ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አማርኛ በጠባብ ሞገድ ውስጥ

በአማርኛ «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠፋ» እና «ተፋ» የሚለያዩት በአንድ ተነባቢ ብቻ ነው። «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለየው እጅግ አጭር የሆነ የአየር ፍንዳታ ነው። ንግግርን በጥቂት ቁጥሮች የሚገልጽ ኮዴክ ይህን የመሰለ አጭር ድምፅ ሊያለዝበው ይችላል። በጎርፍ ወይም በእሳት አደጋ ወቅት «ልጁ ጠፋ» የሚለው መልእክት በትክክል መድረሱ የሰው ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የክፍት ኮዴክ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአገር ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ ወይም የትግርኛ ንግግር ቀድቶ በኮዴክ 2 በማሳለፍ የትኞቹ ቃላት እንደሚደበላለቁ ሊለካ፣ ምክንያቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ሊፈልግና ማሻሻያ ሊሠራ ይችላል። ባለቤትነቱ በተጠበቀ ኮዴክ ላይ ግን ችግሩን መለካት እንጂ መንስኤውን ገብቶ ማስተካከል አይቻልም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ካመጠቀች ወዲህ የሚያስፈልጋት ባለሙያ የተዘጋ ሣጥን ከመጠቀም አልፎ ውስጡን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

«ዲጂታል» ማለት «ምስጢራዊ» ማለት አይደለም

የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 በተለያዩ አገሮች የአማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ትርጉሙን ለመሰወር ታስቦ እንዳይመሠጠር ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ ነፃ የሆነው ሳተላይቱን ለመቆጣጠር ከምድር የሚላክ ትእዛዝ ነው። አሠራሩ የታወቀ ዲጂታል ስልት መጠቀም፣ ኮዴኩ የኩባንያ ንብረት ቢሆንም እንኳ፣ በራሱ እንደ ምሥጠራ አይቆጠርም። ነገር ግን ብዙ የዲኤምአር ሬዲዮዎች የምሥጠራ አገልግሎት ተጭኖባቸው ስለሚሸጡ በአማተር ሞገድ ላይ ይህ አገልግሎት ጠፍቶ መቆየት አለበት። ይኸው አንቀጽ አገሮች የአማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲዘጋጁ ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ ያበረታታል።

ከግዢና ከማመልከቻ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ፈቃድ፦ ማሠራጫ መሣሪያ ከመግዛት ወይም ወደ አገር ከማስገባት አስቀድሞ ስለ ፈቃድና ስለ መሣሪያው ተቀባይነት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይገባል።
2. ዓላማ፦ የታሰበው ሳተላይት የሚቀበለው የሞገድ ስፋትና የድምፅ ዓይነት በቅድሚያ ሊታወቅ ይገባል፤ ሬዲዮው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።
3. የክፍትነት ደረጃ፦ ሻጩ «ክፍት ስታንዳርድ» ሲል ኮዴኩንም ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።
4. አናሎግ አማራጭ፦ የሚገዛው ሬዲዮ በአናሎግ ድምፅም መሥራት የሚችል መሆን አለበት። በአደጋ ጊዜ ሁሉም ሊረዳው የሚችለው የጋራ ስልት እርሱ ነው።
5. ፍሪኩዌንሲ፦ ለገበያ የሚቀርቡ ብዙ የእጅ ሬዲዮዎች ለጸጥታና ለድንገተኛ አገልግሎት በተመደቡ ሞገዶች ላይም መላክ ይችላሉ። መሣሪያው መላክ መቻሉ ተጠቃሚው እንዲልክ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።
6. የሕንፃ ደኅንነት፦ በጋራ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አንቴና ከመትከል በፊት የሕንፃውን አስተዳደር ስምምነት ማግኘት፣ ተከላውንም ከመብረቅና ከንፋስ አደጋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ ባለቤትነታቸው የተጠበቁ ስልቶች ተዘጋጅቶ የመጣ መሣሪያ ለሚፈልግ ተጠቃሚ በምድር ላይ ባሉ ሪፒተሮች ያገለግላሉ። ለመማር፣ ለማስተማር፣ ለምርምርና ለጠባብ የሳተላይት ሞገድ ግን እንደ ፍሪዲቪ ያሉ ክፍት ስልቶች የተሻለ አማራጭ ናቸው። ጀማሪዎች መጀመሪያ በማዳመጥ፣ ቀጥሎ ፈቃድ በማግኘትና በአናሎግ ድምፅ በመለማመድ፣ ከዚያም በክፍት ዲጂታል ስልት ወደ ሳተላይት ግንኙነት እንዲሸጋገሩ ይመከራል።